ቲቸር ሐዋና ትራብል የምትባል ቃል

ቲቸር ሐዋ ማረፏን የሰማሁት ወልቂጤ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ራሴ ተስተካክሎ ግማሹ ሲቀር ነው። የደወለልኝ ቡታጅራ አብሮን ያስተምር የነበረ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። “በረከት፣ ቲቸር ሐዋ አረፈች። ቀብሩ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው” አለና ድምፁ ሲሰበርበት ስልኩን ዘጋው። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል። እኔም ራሴን አየሁት። በግራ በኩል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ በቀኝ በኩል ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ ማሳ። “ልጨርስልህ?” ሲለኝ “ተወው” ብዬ ፎጣውን ከትከሻዬ ላይ አነሳሁና ወጣሁ።

መናኸሪያው በር ላይ ኮፍያ ገዝቼ ራሴን ከሸፈንኩ በኋላ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የእስላም ቀብር ሩቅ ዘመድ እስኪደርስ ተብሎ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ሚኒባሱ ግን ጉብሬ ላይ ቆመ፤ ከጉብሬ በኋላም እጁን ያነሳውን ሁሉ እየጫነ ሄደ። ሾፌሩን “ትንሽ ፈጠን በል ወንድሜ” ብለው “መንገዱ ችግር አለበት” አለኝ።

“የትኛው ችግር?” አልኩት።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ይህን ጥያቄ ይጠይቅ የነበረው የእኔ አፍ አልነበረም። ቡታጅራ ውስጥ ቲቸር ሐዋን ያላወቀ ሰው ካልሆነ በስተቀር “ችግር አለ” ብሎ በሰላም ያለፈ የለም። ጠቋሚ ጣቷን ታነሳና “የትኛው?” ትላለች። የባጃጅ ሾፌር “ቲቸር፣ ዛሬ ችግር አለ” ሲላት “የትኛው? ጎማ ነው፣ ቤንዚን ነው፣ ትራፊክ ነው?” ትለዋለች። መሥሪያ ቤት ሄዳ “ሲስተሙ ችግር አለበት” ከተባለች “የትኛው? ብልሽት ነው ወይስ ሰውየው ምሳ ወጥቶ ነው?” ብላ መስኮቱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ብዙ ጊዜ ሰውየው ምሳ ወጥቶ ነበር።

ያወቅኳት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ቡታጅራ ስመደብ ነው። አባቴ ወልቂጤ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ሲሆን፣ ለደንበኞቹ ሁሉ “ልጄ እንግሊዝኛ ጨርሷል” ብሎ ይነግራቸው ነበር። እኔም የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር። ፊልም እያየሁ ያጠናሁት አነጋገር ነበረኝ፤ ቃሉን ግማሹን በአፍንጫዬ አወጣና ግማሹን እውጠዋለሁ። ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኝ ነበር። ያልገባቸው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እኔ የመሰለኝ መደነቅ ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሷ ነበረች። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ በሻርፗ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሴት። መጀመሪያ ቀን በትህትና “እርስዎ ነዎት ኃላፊዋ?” ብላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። “ሌላ ሰው ቆሟል እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ሆነች።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍሌ ገብታ መስኮቱ ሥር ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠች። የዚያን ቀን ከማስተምራቸው ቃላት አንዷ ትራብል ነበረች። ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት፣ በአፍንጫዬ አነበብኳት፣ “ችግር ማለት ነው” አልኩና ወደሚቀጥለው ቃል አለፍኩ። ደወል ሲደወል የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ ጋበዘችኝ።

“ትራብል ምንድን ነው አልካቸው?” አለችኝ።

“ችግር።”

ጣቷ ተነሳች። “የትኛው?”

“እንዴት የትኛው?”

“ተማሪ ሲኮርጅ ተይዞ ‘አይ አም ኢን ትራብል’ አለ እንበል። ምን ማለቱ ነው?”

“ችግር ውስጥ ነኝ።”

“አንተ ልጅ ሆነህ ዕቃ ሰብረህ፣ አባትህ በር ላይ ሲደርስ ‘ችግር ውስጥ ነኝ’ ትል ነበር?”

አሰብኩ። “ጉዴ ፈላ ነበር የምለው።”

“እህ። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞብህ ሾፌሩ ‘ኢንጂን ትራብል’ ካለህስ? የሞተሩ ጉድ ፈላ?”

“የሞተር ብልሽት።”

“ጎረቤትህ ምሳ ይዛልህ መጣች። ‘ዋይ ዲድ ዩ ቴክ ዘ ትራብል’ አልካት። ምን አልካት?”

“ለምን ችግሩን...” ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። የጂኦግራፊው መምህር ከወዲያ ጥግ በጋዜጣው ውስጥ ይስቃል።

“ምነው ደከምሽ” ብላ እሷው ጨረሰችልኝ። “ድካም ነው። ያውም ሰው ወዶ የሚደክመው። ልጆቹ ግን አሁን ጎረቤታቸው ምሳ ስታመጣ ችግር ይዛ የመጣች ነው የሚመስላቸው።” ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ማንኪያዋ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። “የአንተ ክፋትህ ምን መሰለህ በረከት? ቃሉን ታውቀዋለህ፤ ከማን ጋር እንደሚኖር ግን አልጠየቅከውም። ‘የአንተ ክፋትህ’ የሚለውም ራሱ በእንግሊዝኛ በትራብል ነው የሚነገረው፤ ሂድና እየው።”

ሄጄ አየሁት። ተሳስታ እንድትገኝ እየተመኘሁ ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። መዝገበ ቃላቱ ከእሷ ወገን ሆነ። ጣጣ አለ፣ ሕመም አለ፣ ረብሻ አለ፣ ጭንቅ አለ፣ ነገር ፍለጋ አለ፤ ሰው በትህትና “ላስቸግርህ” የሚለውም እዚያው ውስጥ አለ። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቹ ሁሉንም እንደ ራሴ ግኝት አድርጌ አስተማርኳቸው። እሷ በመስኮት በኩል ስታልፍ ሰማችኝ፤ ምንም አላለችም። ደግ ነበረች ማለቴ አይደለም። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ አርፍዳ ነው የምትመጣው፤ መጽሐፍ አታውስም፤ የጂኦግራፊውን መምህር ምን እንዳደረጋት ሳይታወቅ ለዓመታት ሰላም ያለችው በአገጯ ብቻ ነው። ተሳስታ እንኳ ብትገኝ “ደግሜ አየዋለሁ” ትላለች እንጂ “ተሳስቻለሁ” አትልም።

እንዲህ አብረን ሠርተን በሦስተኛው ዓመት ላይ ሙና ከትምህርት ቤት ቀረች።

ሙና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የእንሴኖ ልጅ ናት፤ ቡታጅራ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። የግማሽ ዓመቱ እረፍት አልቆ ሌሎቹ ሲመለሱ እሷ አልተመለሰችም። ጓደኞቿን ስንጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ “ሽማግሌ መጥቶባታል፤ አባቷ እሺ ብለዋል” አሉን። ሙና የቲቸር ሐዋን ጥያቄ ቀድማ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። ሌላው ተማሪ ቃል ሲተረጉም ከኋላ ሆና በቀስታ “የትኛው?” ትላለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

“ነገ የእንሴኖ ገበያ ነው። አብረኸኝ ትሄዳለህ” አለችኝ ቲቸር ሐዋ። የመረጠችኝ ንግግር ስለምችል መሰለኝ፤ ሌሊቱን ስለ ሴቶች ትምህርት የምናገረውን ሳጠና አደርኩ። በኋላ እንደገባኝ የፈለገችኝ ብቻዋን መሄዱ ደስ ስላላላት ነበር።

የሙና አባት ሐጂ ከድር የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ገበያው መሃል ከጆንያዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘናቸው። አንዱ ጆንያ አፉ ተከፍቶ ቀይ ዛላው ይታያል። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና። ቲቸር ሐዋ ያልተከፈተ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ጉዳዩ ገባች።

“ሐጂ፣ ሙናን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ጥቂት ወራት ናቸው የቀሯት። ትጨርስና ከዚያ በኋላ ይሁን።”

“ሰዎቹ መጥተው ቃል ሰጥቻለሁ ቲቸር።”

“ቃሉን አያጥፉት፤ ቀኑን ያሸጋግሩት።”

ሐጂ ከድር ወደ በርበሬው አጎነበሱና የተሰበረ ዛላ መልቀም ጀመሩ። የእኔ ሰዓት የደረሰ መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ “ሐጂ፣ ትምህርት ማለት” ስል የበርበሬው ሽታ ደረሰብኝ። አስነጠስኩ። ሐጂ ከድር “ይርሐሙከሏህ፣ ይማርህ” አሉኝ በትህትና። ደግሜ አስነጠስኩ፤ ደግመው አሉኝ። ቀጥዬ አሁንም አሁንም ሳስነጥስ እሳቸውም ደከሙና ተዉት። መሀረብ ስላልያዝኩ ፊቴን ልሸፍን ስዞር የመጨረሻው ማስነጠስ በቀጥታ የተከፈተው ጆንያ ውስጥ ገባ። በርበሬ ሊገዙ ቆመው የነበሩ ሁለት ሴቶች ተያይተው ወደ ሌላ ነጋዴ ሄዱ።

ሐጂ ከድር የሄዱትን ሴቶች፣ ከዚያ እኔን፣ በመጨረሻም ቲቸር ሐዋን አዩ። “ቲቸር፣ አከብርሻለሁ” አሉ። “አታስቸግሪኝ።”

ተነሥተን ወጣን። ሚኒባስ ውስጥ ዓይኔ እያለቀሰ “ሁሉንም አበላሸሁት” አልኳት።

“አንተ በርበሬውን ነው ያበላሸኸው” አለችኝ። “ቁርጡን ያወቀ ሰው አይሆንም ነው የሚለው። አታስቸግሪኝ ያሉት ገና ተቸግረው ስለሆነ ነው። ሆዳቸው እሺ አላለም።” ይህን ብላ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች፤ እስከ ቡታጅራ አልነቃችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ሰው ላከችባቸው። መልስ አልመጣም። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል ተባለ።

በዚያው ሰሞን ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች ቡታጅራ ላይ ለአንድ ሳምንት ነፃ ሕክምና ሊሰጡ ሆነና አስተርጓሚ ከትምህርት ቤታችን ተጠየቀ። እሷ ለሴቶቹ፣ እኔ ለወንዶቹ ተመደብን። ደረቴ ላይ “ተርጓሚ” የሚል ካርድ ተንጠለጠለልኝ። ፎቶ ተነሥቼ ለአባቴ ላክሁለት፤ አባቴም አልጋ ሊያሠሩ ለመጡት ሁሉ “ሐኪሞቹ ያለ እሱ አይናገሩም” እያለ ሲያሳይ ዋለ።

እኔ የተመደብኩላት ሐኪም ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ናት። ቲቸር ሐዋ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ለሴቶቹ ታስተረጉማለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት መጋረጃው ተገለጠና ሐጂ ከድር ገቡ። አዩኝ፤ አወቁኝም። ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም።

“ወገቤን ያመኛል” አሉ። ተረጎምኩ። ሐኪሟ ወገባቸውን ነካካች፣ ከዚያ ከእምብርታቸው በታች ጫን ስታደርጋቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። ቀና ብላ “ኤኒ ትራብል ፓሲንግ ዋተር?” አለችኝ።

ትራብል የምትለዋን ስሰማ ልቤ ሞላ። ሦስት ዓመት የተፈተንኩባት ቃል ናት፤ እንግዲህ አልሸነፍባትም። የትኛው ትራብል? ችግር አይደለም፤ ችግር ብዬ አልዋረድም። ጉድ አይደለም፣ ብልሽትም አይደለም። እንግልት የምትለዋን አገኘሁና ደስ አለኝ። ከቃሉ ጋር ስታገል የቀረውን የዓረፍተ ነገሩን ክፍል ማሰብ ረሳሁ። ፓሲንግ ማለፍ ነው፤ ዋተር ውሃ ነው።

“ሐጂ፣ ውሃ ሲያልፉ ይንገላታሉ ወይ?” አልኳቸው።

ሐጂ ከድር ጥያቄው ትንሽ ገረማቸው፤ ሐኪም የጠየቀው ነውና ግን በደንብ አሰቡበት። “ክረምት ክረምት አዎ” አሉ። “በጋ ምንም አይል።”

በአፍንጫዬ ተረጎምኩላት። ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። በክረምት ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። ጠየቅኳቸው።

“ድልድዩ ከተሠራ ወዲህማ እንደ ድሮው አይደለም” አሉ ሐጂ።

“ዘ ብሪጅ?” አለች ሐኪሟ።

“የስ፣ ዘ ብሪጅ” አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ሐኪሟ የሐጂ ከድርን ሆድ ድልድይ የምትፈልግበት ይመስል ትክ ብላ አየችው። በዚህ ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ድምፅ ቆመ። ቲቸር ሐዋ ብቅ አለች፣ ሐጂን “አሰላሙ ዓለይኩም” አለቻቸው፣ ሐኪሟን በእንግሊዝኛ ጥቂት እንድትታገሰን ለመነቻትና እጅጌዬን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

“ፓሲንግ ዋተር ሽንት መሽናት ነው” አለችኝ። አልሳቀችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

“እሺ፣ ገብቼ ልጠይቃቸው።”

“እዚያ ውስጥ? በሴት ሐኪም ፊት፣ እኔ ከመጋረጃ ወዲያ ሆኜ፣ ባለፈው ጊዜ በርበሬያቸው ላይ ያስነጠሰ ልጅ ሲጠይቃቸው? ምንም የለም ነው የሚሉህ። ከዚያ ይህን ሆድ ይዘው እንሴኖ ይገባሉ።” በሩን አየት አደረገች። “ውጪ ይዘሃቸው ውጣ። ከጎናቸው ተቀመጥ፤ ፊታቸውን አትየው። ችግር አትበል፣ ሕመም አትበል። ሌሊት ያስነሣዎታል ወይ በላቸው። አባትህን እንደምትጠይቅ አድርገህ።”

ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ካለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ሐጂ ከድር ፊት ለፊት ያለውን አጥር ያያሉ፤ እኔም አጥሩን አየሁ።

“አንተ ያ ያስነጠስከው ልጅ አይደለህም?” አሉኝ።

“ነኝ ሐጂ።”

“ያንን ጆንያ የገዛኝ የለም።”

“ይቅርታ ሐጂ።”

ከዚያ ሌሊት ያስነሣዎታል ወይ አልኳቸው። አጥሩን እያዩ “ማስነሣት አይባልም” አሉ ቀስ ብለው። “ቆሜ ነው የማድረው። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለ።”

“ለቤት ሰው ተናግረዋል?”

“ይሄ ለማን ይነገራል?”

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ስኮራበት የኖርኩት እንግሊዝኛ በሙሉ ለእኚህ ሰውዬ የጠቀማቸው ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የጠቀማቸው አጥር ማየቴ ነው። ሮጬ ገብቼ ለሐኪሟ ነገርኳት፤ በአፍንጫዬ አልተናገርኩም። ወዲያው አስተኝተው ሽንታቸውን በቱቦ አወጡላቸው። እንዲያ ሆነው ቤታቸው ገብተው ቢሆን ኩላሊታቸው ይጎዳ ነበር አለችኝ ሐኪሟ። በሳምንቱ መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ዳኑ።

ሐጂ ከሆስፒታል ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ለቲቸር ሐዋ “አሁን ነው ጊዜው” አልኳት። “ስለ ሙና አሁን ንገሪያቸው። እምቢ ሊሉሽ አይችሉም።”

ጣቷ ተነሳች። “ለዚያ ነው የማልጠይቃቸው” አለችኝ። “እምቢ ማለት ከማይችል ሰው እሺታ አልቀበልም።”

ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኳትም። እሷም ያስተዋለች አትመስልም ነበር፤ የጂኦግራፊውን መምህር ከኮረፈችው ጋር ሲነጻጸር የእኔ ኩርፊያ ኩርፊያ አልነበረም።

ሙና ተዳረች። ቲቸር ሐዋ አዲስ ሻርፕ ለብሳ፣ ስጦታ ይዛ ሠርጉ ላይ ተገኘች። ይህንንም አልተቀበልኩላትም። ሰኞ ጠዋት “እንዴት ትሄጃለሽ? ደስ ብሎሽ ነው?” አልኳት።

“ደስ አላለኝም። ሙሽራዋ ልብሷን ለብሳ ስታየኝ አለቀሰች፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ” አለችኝ። “ካልሄድኩ ግን አሳዘንኳት ብላ ታፍራለች። ያፈረ ሰው አይመለስም። እንድትመለስ ነው የሄድኩት።”

በሆዴ ሞኝ ናት አልኩ። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ሞኝ ናት ያልኩበትን ጊዜ ሁሉ ባስታውስ አንድም ጊዜ የተሳካልኝ የለም።

ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ የማታው ክፍል ምዝገባ ሲጀመር ሐጂ ከድር ምርኩዛቸውን ይዘው በትምህርት ቤቱ በር ገቡ። ከኋላቸው ሙና ነበረች፤ በአንቀልባ ሕፃን አዝላለች። ለባሏ ምን እንደነገሩት፣ ለሽማግሌዎቹም ምን እንዳሉ አልነገሩንም። ቲቸር ሐዋ ፊት ቆመው “ልጅቱ ትጨርስ ብያለሁ” አሉ፤ የራሳቸው ሐሳብ እንደሆነ ሁሉ። ቲቸር ሐዋም “ጥሩ አስበዋል ሐጂ” አለቻቸው።

ዓመቱን ሙሉ ሙና ስትማር ሐጂ ከድር ደጅ አግዳሚ ላይ ሕፃኑን ታቅፈው ይቀመጡ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ዛላ የሚለቅሙበት እጃቸው ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ቲቸር ሐዋ በእረፍት ሰዓት ሻይ ይዛላቸው ትወጣና “ደከሙ እኮ ሐጂ” ትላቸዋለች። “ምን ድካም አለው” ይላሉ። አንድ ቀን ከመስኮቱ አጠገብ ሆኜ ይህን ስሰማ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አሰብኩ፤ ደግሞ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። እንደዋወል ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ፣ ኋላ ላይ ለበዓል ለበዓል። ለመጨረሻ ጊዜ ስደውልላት ድምፅዋ ቀጥኖብኝ “አሞሽ ነው?” አልኳት። “ትንሽ እክል አለች” አለችኝና ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። እክል ስትል መብራት ሲጠፋ የሚባለው ትዝ ብሎኝ ስቄ አለፍኩ። ልጇ በኋላ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ከአልጋ አትነሣም ነበር፤ የሚጠይቃት ሁሉ እንዳይጨነቅ ትንሿን ቃል ትመርጥ ነበር።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ቡታጅራ ስገባ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ናቸው። የጂኦግራፊው መምህር በሩ ላይ ቆሞ ሰው ያስገባል፤ ዓይኑ አብጧል። ሙና ከሴቶቹ መሃል ሆና ውሃ ታድላለች፤ አሁን እሷም አስተማሪ ሆናለች። ስታየኝ በራሷ ሰላም አለችኝና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

የት እንደምቀመጥ ሳመነታ ከጥግ በኩል አንድ እጅ ጠራኝ። ሐጂ ከድር ናቸው። በጣም አርጅተዋል። ተጠግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከጎናቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ያዙ። እንባዬ መጣ፤ መሀረብ ዛሬም አልያዝኩም ነበር።

ከወዲያ በኩላቸው የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩኝ። “ይሄ ልጅ ማን ነው?” አሉ።

“የሐዋ ተማሪ ነው” አሉ ሐጂ ከድር።

አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ የትምህርት ክፍል አብሬያት ሠርቻለሁ። ዲግሪ አለኝ። ወንበሬ ከወንበሯ ጎን ነበር። ይህን ለማስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሽማግሌው ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር።

“ጎበዝ ነበር?”

ሐጂ ከድር ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ትንሽ አሰቡ።

“ይለፋ ነበር” አሉ።